ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ጎኑንም፦ ለገዳሪፍ ጭቃ ጎማ የሚገዛ ነጋዴ ምን ይመልከት?

ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃም ሆነ በጎንደር የጎማ መሸጫዎች አንድ ጥያቄ ይበዛል፦ «የጭቃ ጎማ አለ?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ፒክአፕ ያለው የቁም እንስሳት ነጋዴ ነው፤ አለዚያም ለነጋዴ መኪና የሚያከራይ ሰው ነው። አመራረጡም የታወቀ ነው። ጥርሱን በጣቱ ይለካል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ተከራክሮ ይገዛል።

ይህ አመራረጥ ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛው፣ በመተማ፣ በገላባትና በገዳሪፍ መስመር ጎማን ከጥቅም ውጪ የሚያደርገው የጥርስ ማለቅ ብቻ ሳይሆን የጎን መቀደድም መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ጭቃ ውስጥ የቀረች መኪና ትልቁ ኪሳራ የጎማው ዋጋ ሳይሆን ከከብቱ ላይ የሚጠፋው ክብደት መሆኑ ነው። ይህን ኪሳራ የሚሸከመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎማውን የመረጠው ሰው አይደለም። ስለዚህ ጎማ የመኪና ዕቃ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ቀርቶ እንደ መኖና እንደ ክትባት ከከብቱ ወጪ ጋር አብሮ ሊሰላ ይገባል።

መሬቱ ሁለት ዓይነት ነው

ከገላባት በዶካ በኩል ገዳሪፍ የሚደርሰው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዋና መንገድ አስፋልት ነው። ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ማሽላውና ወደ ሰሊጡ እርሻ፣ ወደ መንደር ገበያና ወደ ከብት ውኃ ማጠጫ ሲያቀና ነው። ያ ሜዳ በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ከግማሽ በላዩ ሸክላ ስለሆነ በበጋ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ እግር የሚያስገባ ስንጥቅም ያወጣል። በክረምት ሲረጥብ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይዘጋና ውኃ ማሳለፍ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የነካውን ሁሉ ይጣበቃል። ዝናቡ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ወደ ደቡብና ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በተጠጉ ቁጥርም ይበረታል።

በኢትዮጵያ በኩል ባለው የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ዋልካው እንዳለ ሆኖ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦና የወንዝ መሻገሪያ ይጨመርበታል። የድንጋዩን ነገር ታሪክም ይመሰክራል። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን ከገላባት ለማስለቀቅ ታንክ ይዞ በመጣ ጊዜ ከታንኮቹ አብዛኞቹን ያቆማቸው ድንጋይና ፈንጂ ነበር። የብረት ሰንሰለት የበጠሰ ድንጋይ ለጎማ ጎን አይራራም።

ከመኸር በኋላ ደግሞ ሌላ ጠላት ይመጣል። ታጭዶ የቀረው የማሽላና የሰሊጥ አገዳ ጉቶ ደርቆ እንደ ችካል ይቆማል፤ የግራር እሾህም አለ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በጥርሱ በኩል የተበሳ ጎማ ጎሚስታ ዘንድ ተለጥፎ ሥራውን ይቀጥላል። በጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን አይታመንም፤ አዲስ ቢሆንም፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዋጋው በዚያው ቀረ ማለት ነው። ጥርሱን አይቶ ጎኑን ሳያይ የሚገዛ ሰው፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን ካላየው በሬ ብዙ አይለይም።

አርብቶ አደሩ የሚያውቀው

ስለ ዋልካ ጭቃ ከጎማ ሻጩ ይልቅ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። በገዳሪፍና በከሰላ አካባቢ የሚኖሩት የሹክሪያና የላሃዊን አርብቶ አደሮች ዝናቡ ሲበረታ ከብታቸውንና ግመላቸውን ይዘው ወደ ሰሜን፣ ዝናብ ወደሚያንስበት ወደ ቡታና ይወጣሉ። የሚሸሹት ጭቃውንና ተናካሽ ዝንቡን ነው። ዝናቡ ሲያቆም ወደ ደቡብ ይመለሳሉ።

ለነጋዴው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ባለከብቱ ራሱ በነሐሴ ለቅቆት ወደሄደው ሜዳ በውድ ጎማ መግባት ከብት ወደሌለበት መሄድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎማ ከመግዛቱ በፊት ነጋዴው ራሱን መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ባለፈው ክረምት መኪናው በትክክል ስንት ቀን ከአስፋልትና ከጠጠር መንገድ ወጣ? የወጣውስ በየትኛው ወር ነው? በሰኔ መጀመሪያና በመስከረም መጨረሻ ከሆነ የጭቃ ጎማ ዋጋ አለው። በነሐሴ አጋማሽ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ ጎማ ሳይሆን መጠበቅ ነው። ዋልካው እስከ ታች ከራሰ በኋላ ትራክተርም ይቀራል።

የጭቃ ጎማ የሚሠራውና የማይሠራው

የጭቃ ጎማ በሱቅ ኤም/ቲ ይባላል፤ ለሁሉም መንገድ የተሠራው መካከለኛው ደግሞ ኤ/ቲ። የጭቃ ጎማ ጥርሶች ትልልቅ ናቸው፤ በመካከላቸውም ሰፊ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ጭቃውን ነክሶ ይይዛል፤ ጎማው ሲሽከረከር ደግሞ ይተፋዋል። ቁም ነገሩ መትፋቱ ላይ ነው። የዋልካ ጭቃ እንደ ሊጥ ስለሚጣበቅ ጎማው በዝግታ ከዞረ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ይደርቅና ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ባለ ትልቅ ጥርሱም ያለቀ ጎማም እኩል ይሆናሉ። ለዚህ ነው የጭቃ ጎማ ያለ ሹፌር ብልሃት ብቻውን የማያወጣው።

በአስፋልት ላይ ይኸው ጎማ ጉዳት አለው። መሬት የሚነካው ላስቲክ ስለሚያንስ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ይረዝማል፤ ይጮኻል፤ ነዳጅ ይጨምራል፤ ቶሎም ያልቃል። ከዶካ ገዳሪፍ በሚያዝያ ሙቀት፣ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲያልፍ፣ ከመጠን በላይ ጭኖና ንፋስ አጉድሎ የሚሮጥ ጎማ ከውስጥ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል።

ሒሳቡ

ለስሌት እንዲመች የመካከለኛው ጎማ ዋጋ 100 ይሁን፤ የጭቃው ደግሞ 130። የመጀመሪያው 60 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በ1 ሺህ ኪሎ ሜትር የመካከለኛው ወጪ 1.67፣ የጭቃው 3.25 ይመጣል። የጭቃ ጎማ በኪሎ ሜትር ሲታይ ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ በአስፋልት ላይ የሚመላለስ መኪና ይህን ልዩነት የሚከፍለው በከንቱ ነው።

አሁን ሌላኛው ሚዛን ይታይ። ያለ ውኃና ያለ መኖ አንድ ሙሉ ቀን መኪና ላይ የቆመ ከብት ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊያጣ ይችላል። የመጀመሪያው መቅነስ የሆድ ዕቃና ውኃ ነው፤ ጉዞው ሲረዝም ግን ከሥጋው መሄድ ይጀምራል። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ 12 ሰንጋዎች የጫነ መኪና አንድ ቀንና ሌሊት ጭቃ ውስጥ ቢቆምና ከብቶቹ 8 በመቶ ቢቀንሱ፣ የጠፋው 288 ኪሎ ነው። አንድ ሙሉ ሰንጋ ሊሆን 12 ኪሎ ብቻ ጎደለው። ነጋዴው 12 ጭኖ ወጣ፤ 11 ይዞ ደረሰ። የወደቀና የተረገጠ ከብት ካለ ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል።

በዚህ ላይ ሌሎች ወጪዎች ይደመራሉ። የአፍና የእግር በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ መቆየት አለበት፤ በረዶው ቀልጦ ሲያበቃ መኪናው ገና ጭቃ ውስጥ ከሆነ የተገዛው ክትባት ውኃ ሆኗል። የኳራንቲን ተራና የጤና ሰርተፊኬት ቀን ያልፋል። በመተማና በጎንደር መስመር ደግሞ ሌሊት ሜዳ ላይ ማደር የእገታና የዝርፊያ ስጋት አለው። ይህ በብር አይሰላም።

ከሁለቱ ሚዛኖች የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። በክረምት ከአስፋልት ለሚወጣ መኪና የጭቃ ጎማ የሚጨምረው ዋጋ ከአንድ የመቆም ቀን ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ለቀረው ጊዜና ለቀሩት መኪኖች ግን ትርፍ ወጪ ነው። ስለዚህ የጭቃ ጎማ የሚገባው ለአንድ መኪና ነው፤ ቀድሞ መንገድ ለሚያየው፣ ሐኪምና ክትባት ለሚያደርሰው፣ በግና ፍየል ከመንደር ለሚያወጣው፣ የቀረውን መኪና ለሚጎትተው ፒክአፕ። ከብት ጭኖ በአስፋልት ለሚሄደው አይሱዙ የሚያስፈልገው ጭነቱን የሚችል ጤነኛ የመንገድ ጎማ ነው። አይሱዙውን ጭቃ ውስጥ ከማስገባት ከብቱን እስከ ጠንካራ መንገድ ድረስ በእግር መንዳት ይቀላል።

ጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ጎማ ስለራሱ የሚናገረው ጎኑ ላይ ነው። ነጋዴው ከሻጩ ወሬ በፊት አምስት ነገር ማንበብ ይችላል።

• የሸክም ቁጥር። ከጎማው መጠን ቀጥሎ የሚጻፍ ነው። 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 115 ማለት 1,215 ኪሎ፣ 121 ማለት 1,450 ኪሎ በአንድ ጎማ ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ፍጥነት ነው፤ ኪዩ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ድረስ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ከፍጥነቱ ይልቅ ሸክሙ ይበልጣል።

• ፕላይ። ኤል.ቲ የሚል ምልክት ያለው ጎማ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ነው። የሸክም ደረጃው ሲ ከሆነ 6፣ ዲ ከሆነ 8፣ ኢ ከሆነ 10 ፕላይ ይባላል። ይህ ቁጥር የጥንካሬ ደረጃ እንጂ በውስጡ ያለው ንጣፍ ብዛት አይደለም። ትክክለኛው የንጣፍ ብዛት በብዙ ጎማዎች ላይ በትንንሽ ፊደል ለጥርሱና ለጎኑ ተለይቶ ተጽፏል። በጎኑ 3 ንጣፍ ያለው ለጉቶና ለድንጋይ 2 ካለው ይሻላል።

• ዕድሜ። ከዲ.ኦ.ቲ ቀጥሎ ከሚጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳያሉ። 2324 ማለት በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ላስቲክ በሙቀት ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ዐሥር ዓመት የሞላው በምንም ዋጋ አይገዛም።

• ኤም ፕላስ ኤስ። ይህ ምልክት «ጭቃና በረዶ» ማለት ስለሆነ ሻጮች እንደ ማስረጃ ያሳዩታል። ምልክቱ ግን የሚመለከተው የጥርሱን ቅርጽ ብቻ ነው፤ በብዙ የአስፋልት ጎማዎችም ላይ ይገኛል። ለዋልካ ዋስትና አይሆንም።

• ካላማዳሪ ያለው ወይስ የሌለው። በብዙ የላንድ ክሩዘር ፒክአፖች ላይ የሚታየው የድሮው 7.50 አር 16 ጎማ ካላማዳሪ ያለው ነው። ንፋሱ በጣም ሲቀነስ ጎማው በቸርኬው ላይ ይዞርና የካላማዳሪውን ቫልቭ ሊቆርጠው ይችላል። ካላማዳሪ የሌለው ንፋስ መቀነስን ይበልጥ ይችላል፤ በጎኑ ከተቀደደ ግን ለጊዜውም ማዳን ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የምርት ስም ነው። ቢኤፍጉድሪች፣ ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ፣ ማክሲስም ሆነ ሌላ፣ አንድ ስም ብዙ ዓይነት ጎማ ይሠራል፤ የጭቃም የአስፋልትም። ስሙ ሳይሆን በጎኑ የተጻፈው ይወስናል።

ቀጭን ወይስ ሰፊ?

በነጋዴዎች ዘንድ የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ ቀጭኑን 7.50 አር 16 ያወድሳል፤ ሌላው 265/75 አር 16 ያለውን ሰፊ ጎማ። ሁለቱም በየጊዜያቸው ልክ ናቸው። በዝናቡ መጀመሪያ የረጠበው የአፈሩ ላይ ብቻ ስለሆነ ቀጭኑ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ከሥር ያለውን ደረቅ መሬት ይይዛል። ዝናቡ ሲገፋ ግን የሚይዘው ጠንካራ ነገር በቅርብ አይገኝም፤ ቀጭኑ ይቆፍርና መኪናው በሆዱ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ንፋሱ የተቀነሰ ሰፊ ጎማ ክብደቱን ዘርግቶ ላዩን ሊያልፍ ይችላል። ለድንጋዩም ቢሆን ቀጭኑ የተሻለ ነው፤ ወደ ውጪ የሚወጣው ጎን ያንሳል። በሰኔና በመስከረም ብቻ ለሚገባ ነጋዴ ቀጭኑ በቂ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል፤ ስኮርትና ካላማዳሪም በየከተማው ይገኝለታል። መለዋወጫ የማይገኝለት ጎማ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዶካ ላይ ዋጋ የለውም።

ባዶ ወይም ቀላል ጭነት የያዘ ፒክአፕ ከ35 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ የነበረውን ንፋስ ወደ 20 ገደማ ዝቅ ቢያደርግ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ጎማ በላይ ይጠቅመዋል። ይህ ግን ሁለት ግዴታ አለው። ፍጥነት መቀነስና አስፋልት ከመውጣት በፊት ንፋሱን መመለስ። ስለዚህ ትንሽ ኮምፕሬሰርና የንፋስ መለኪያ ከጎማው ጋር አብረው የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው።

የሚመርጠውና የሚከፍለው

የዚህ ሁሉ እንቅፋት ግን ሌላ ቦታ ነው። በዚህ ንግድ ጎማ የሚገዛው ባለመኪናው ነው፤ ክብደት የሚጠፋበት ባለከብቱ ነው፤ ንፋስ መቀነስ አለመቀነሱን፣ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ደግሞ ሹፌሩ ነው። ባለመኪናው ርካሽ ጎማ ቢገዛ 288 ኪሎው የሚጠፋው ከእርሱ ኪስ አይደለም። ሹፌሩ በጉዞ ብዛት የሚከፈለው ከሆነ መጠበቅ ያከስረዋል፤ ስለዚህ ይገባል። ሦስቱም በየራሳቸው ሒሳብ ልክ ናቸው፤ በድምሩ ግን ከብቱ ይከሳል።

ይህ የሚፈታው በውል ነው። ነጋዴው መኪና ሲከራይ ስለ ዋጋና ስለ ቀን ብቻ መነጋገሩ አይበቃም። የጎማው ዕድሜ፣ የሸክም ቁጥሩ፣ ያልተበላ ስኮርት መኖሩ፣ በጎማ ምክንያት መኪናው ቢቆም የመኖና የውኃ ወጪ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። በምላሹ ጥሩ ጎማ ያሰረ ባለመኪና ከፍ ያለ ኪራይ ይከፈለው። ሹፌሩ ዝናብ ጥሎ ቢቆይ የቆየበት ቀን ይታሰብለት። አንድ ቀን ጠንካራ መንገድ ላይ ከብቱን እያጠጡና እያበሉ መቆየት ጭቃ ውስጥ ከማደር ብዙ ይረክሳል።

«አቅም የለም» ለሚለው

ነጋዴዎች የሚያነሱት ተቃውሞ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ መቀያየር፣ ሁለት ስብስብ ጎማ መግዛት ለማን ይቻላል? በተለይ አሁን። ተቃውሞው እውነት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ጎማም ዋጋው አብሮ ሄዷል። በሱዳን በኩል ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ጦርነት የዕቃ አቅርቦቱን አናግቷል፤ የገላባት መሻገሪያም ተደጋግሞ ተዘግቷል። ድንበሩ ነገ ይከፈት ይዘጋ በማይታወቅበት ጊዜ ገንዘብን በጎማ ላይ ማሰር ያስፈራል።

ይሁን እንጂ ውድነቱ ሒሳቡን አይገለብጠውም፤ ያጠብቀዋል። ጎማ ሲወደድ በስህተት የተገዛ ጎማ ኪሳራም ይከብዳል። ሁለት ስብስብ መግዛት ለማይችል መንገድ አለ። በአንድ ገበያ የሚነግዱ ሦስትና አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ፒክአፕ ካላቸው አንድ ስብስብ የጭቃ ጎማ በቸርኬው ላይ ታስሮ በጋራ ሊያዝ ይችላል፤ በቸርኬ ላይ ያለ ጎማ መቀየር የክሪክና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በበጋ ከፀሐይ ርቆ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ይህም ካልሆነ ጎኑ ጠንካራ የሆነ ባለ 10 ፕላይ ኤ/ቲ ጎማ ለብዙው ነጋዴ ከጭቃ ጎማ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ነሐሴን መጠበቅ ከተቻለ። ሁለት ጎማ ብቻ መቀየርም አይመከርም፤ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ላይ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች ዲፈረንሻሉንና ካምቢዮውን ይጎዳሉ።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ደግሞ ጥርሱን ሳይሆን ውስጡን ያሳዩኝ ይበል። ከቸርኬው ወጥቶ የውስጥ ጎኑ ሲታይ መታጠፍ፣ መሰንጠቅና የተደበቀ ልጥፍ ይገለጣል። ጥርሱ በጩቤ ተቆርጦ የጠለቀ ጎማም አለ፤ ሻጩ ሲያወጣው ቅር ካለው መልሱ እዚያው ተገኘ።

በዚህ ዓመት ሰኔ ከመግባቱ በፊት ነጋዴው ሁለት ወረቀት ቢያዘጋጅ ይበቃዋል። በአንደኛው ያለፈው ክረምት ከአስፋልት የወጣባቸውን ቀናት ይጻፍ፤ በሁለተኛው በመንገድ የጠፋበትን ኪሎ። ሁለተኛው ቁጥር ከበዛ ጎማ ይግዛ፤ ሲገዛም ጎንበስ ብሎ ጎኑን ያንብብ። ሁለቱም ትንሽ ከሆኑ ያለውን ጎማ በንፋስ ይጠብቅ፤ ገንዘቡን ለመኖ ያውል።